ስለ አባባ ፒፓ አንገት አጠጋገን

ሕዝብ በሕግ ይተዳደራል፤ መሥሪያ ቤት በመመሪያ ይተዳደራል፤ የእኛ ቤት የሚተዳደረው ግን በፒፓ አንገት ነው። ይህን ስል የቀለድኩ የመሰለው ሰው ካለ፣ አባባን አያውቃቸውምና አልፈርድበትም።

የፒፓ አንገት ማለት፣ ለማያውቅ ላስረዳ፣ ትምባሆ ከሚሞላበት ከእንጨቱ ራስ ተነሥቶ እስከ ከንፈር የሚዘልቀው፣ በጥርስ ነከስ ተደርጎ የሚያዘው ጥቁር ደረቅ ጎማ ነው። ተራ ሰው ሲያየው ከጣት የማይበልጥ ነገር ይመስለዋል። እኛ ግን ፊቱ ስንቆም የኮታችንን ቁልፍ ቆልፈን፣ እጃችንን አጣምረን ነው።

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው። የመንገዶች መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ሆነው ኖረው፣ በክብር ጡረታ ወጥተው፣ ዛሬ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ካለው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቤቱን ይመራሉ። ትምባሆውን ሐኪም ከከለከላቸው ቆይቷል፤ ፒፓው የሚነከሰው ባዶውን ነው። ቢሆንም ሥልጣን ጭስ አይፈልግም። ንግግር አያበዙም፤ እንዲያውም አይናገሩም ማለት ይቀላል። ጥርሳቸው ደግሞ፣ ከዓይን ያውጣቸውና፣ በዚያ ዕድሜ አንድም ያልጎደለ፣ ነጭ፣ ጎረምሳ የሚቀናበት ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ የነከሰውን ነገር ማን ደፍሮ ይጠራጠራል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠያቂው ጉዳዩን ያቀርባል። አባባ ፒፓውን ጥርሳቸው መካከል ያደርጉና «እምም» ይላሉ። የፒፓው ራስ ቀና ካለ ፈቅደዋል። ካዘቀዘቀ ከልክለዋል። ጠያቂው «እሺ አባባ» ብሎ ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ ተራምዶ ይወጣል። አለቀ፣ ደቀቀ።

ይህን ትርጓሜ ያወጣው የበኩር ልጃቸው ነው። በአባቱ መሥሪያ ቤት እንግዳ እየተቀበለ ሲያስገባና ሲያስወጣ ስለኖረ «ፕሮቶኮል» እንለዋለን። የአባባን ፒፓ እንደ እሱ የሚያነብ ሰው አልተፈጠረም። እሱ እንደሚተርከው በዚያ ፒፓ ስንት መንገድ ተጠርጓል፣ ስንቱ ቀርቷል። ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ የተሠራ አንድ ድልድይ እንኳ አለ፤ ፒፓው ቀና ስላለ ነው። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር አሉ፤ በኋላ ግን ወንዙ ነው ያጠፋው ብለው ተስማሙ።

ቤታችንም እንደዚሁ ነው። በሩ አረንጓዴ የተቀባው በፒፓው ነው። ድመቷ የተባረረችውም በፒፓው ነው። ፕሮቶኮል «ድመቷ ሶፋውን ቧጭራዋለች፤ ትሰናበት ወይ?» ብሎ አቀረበ፤ «እምም» ተባለ፤ ፒፓው ቀና አለ። እኔ ራሴ በቅርጫት አድርጌ ከገበያው ማዶ ካለው ሥጋ ቤት ወስጄ ሰጠኋት። ስመለስ ዓይኔ ያለቀሰ ይመስል ነበር፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው። እማማ፣ የአባባ ባለቤት፣ ብቻ ናቸው ጠይቀው ተከልክለው የማያውቁት። ማቀዝቀዣ ሲሉ ቀና፣ አዲስ መጋረጃ ሲሉ ቀና። ከመጠየቃቸው በፊት ሁልጊዜ አንዲት ከረሜላ ለአባባ ያጎርሳሉ። እኛም የድሮ ሰው ፍቅር እንዲህ ነው እያልን እንቀናለን።

እንግዲህ በዚህ ሰላም መካከል ነው ባለቤቴ የተሾመችው።

ባለቤቴ ውሃ መርማሪ ናት። ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ በጠብታ ታያለች። በሌላ ከተማ አዲስ የውሃ ላቦራቶሪ ሲከፈት እሷን ኃላፊ አድርገው መረጧት። እስከ አርብ ማታ ትምጣ፣ ካልመጣች ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል አሏት። ዜናውን ስትነግረኝ ፊቷ እንዴት እንደበራ ምን ልበላችሁ! እንደዚያ ስትሆን ያየኋት የተጋባን ዕለት ብቻ ነው። እኔ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ እዚያም ቅርንጫፍ አለን፤ መዛወር እችላለሁ። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፒፓው ቀና ማለት።

ሰኞ ማታ ከራት በኋላ ጉዳዩ ቀረበ። ባለቤቴ ቆማ ጠየቀች። አባባ ልጃቸውን አዩአት፣ ዓይናቸው ሞቅ አለ፣ ፒፓውን ከመስኮቱ ደፍ አንሥተው ጎረሱት። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

«እም... ኤጭ!»

ፊታቸው ተጨማደደ። ፒፓውን ከአፋቸው መንጭቀው አወጡ፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ልጥፍ አድርገው ይዘው ተነሡ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ፒፓው ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተጋድሞ ቀረ።

«ኤጭ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ኤጭ በአሠራራችን ውስጥ የለም» አለ ፕሮቶኮል፤ ላብ አጥምቆታል። «ጉዳዩ በእንጥልጥል ላይ ነው።»

«አርብ እኮ ቅርብ ነው!»

«አርብን ማን ጠራው? አርብ ራሱ ነው የሚመጣው።»

ፕሮቶኮል ፒፓውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋ። አንገቱ ታሟል። ያ ጥቁር የሚያብረቀርቀው ጎማ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ነገር፣ አረንጓዴ ነገር ሆኗል። ቀዳዳው በአሮጌ ጥቀርሻ ተደፍኗል። ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ላዩና ታቹ ጎድጉዷል። ምላሴን ነካ ባደርገው፣ እግዚኦ! የተቃጠለ የመኪና ጎማ መላስ ማለት እሱ ነው።

ባለቤቴ በማግስቱ «ለምን ገብቼ በአፌ አልጠይቃቸውም? አባቴ አፍ የላቸውም እንዴ?» ስትል ፕሮቶኮልና እኔ ደነገጥን።

«አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ማቅረብ ድፍረት ነው» አለ ወንድሟ።

«ድፍረት ነው» አልኩ እኔም። ባል ማለት ሚስቱ ስትሳሳት ከሕጉ ጎን የሚቆም ሰው ነው። እሷ ግን ያየችኝ አስተያየት የምስጋና አልነበረም።

አባባ ከዚያ ወዲያ ከመኝታ ቤት ብዙም አልወጡም። ሾርባቸው እዚያው ይገባላቸዋል። ቢወጡም መሐረብ አፋቸው ላይ ነው፤ ቃል አይተነፍሱም፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ውጭውን ያያሉ። ፕሮቶኮል ይህን «የሐዘን ወቅት» ብሎ ተረጎመውና ፒፓው በአስቸኳይ እንዲጠገን አዘዘ። የጥገና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው እሱ ነው፤ አባሉ እኔ ነኝ። ስብሰባው ማእድ ቤት ተጠራ፤ እማማ ሽንኩርት እየከተፉ ስለነበር ገና ሲከፈት ሁላችንም አለቀስን።

«የተከበሩ የኮሚቴው አባል» አለ ፕሮቶኮል ወደ እኔ ዞሮ፤ ሌላ አባል የለም። «ዛሬ የምንጠግነው ጎማ አይደለም። የምንጠግነው ቃል ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከፒፓ የወጣ ግን ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ ያለምንም ቸልተኝነት፣ ያለምንም...»

«ያንን ጎድጓዳ ሳህን እንዳትነኩ፣ የሊጥ ነው» አሉ እማማ።

«እሺ እማማ» አልን።

ፕሮቶኮል ስለ ፒፓ አንገት አጠባበቅ ከስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ያዝዘኛል፤ እኔ እሠራለሁ። መጀመሪያ አንገቱን ከእንጨቱ ራስ ላይ እያዞርን ቀስ ብለን ነቀልነው። በሽቦ ላይ ጥጥ ጠምጥሜ አልኮል አጥቅሼ ቀዳዳውን ጠረግሁ፤ የወጣው ነገር ሬንጅ ይመስላል፤ ፕሮቶኮል ግን «የሥራ ዘመን» ብሎ ጠራው። ከዚያ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ሲወጣ ቢጫው ለቅቆ፣ ገጹ ግን ሻክሮ ወጣ። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካሁ አሸሁት። ጣቴ እስኪደነዝዝ አሸሁት። በመጨረሻ የአባባን የጥርስ ሳሙና በጨርቅ ቀብቼ ወለወልኩትና ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ዳመና ውስጥ የተወለደ ልጅ ፀሐይ ሲያይ እንደዚያ ነው የሚያበራው፤ ፊቴን አየሁበት። እውነት ለመናገር ኮራሁ። በመድን ድርጅት ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ስሠራ አንድም ነገር አብርቶልኝ አያውቅም።

«ጥርሱ የጎደጎደበትስ?» አልኩ።

ፕሮቶኮል ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ያ ታሪክ ነው። አይነካም።»

«ውስጡ ቆሻሻ ይይዛል እኮ።»

«ታሪክም ይይዛል» አለና ትንሽ አሰበ። «ምን ይላል ቪዲዮው... ሙቅ ውሃ ውስጥ ከገባ ጎድጓዳው ራሱ ይነሣል ይላል። ጎማው የድሮ መልኩን ያስታውሳል ይላል። እንግዲያው ታሪክን መደለዝ አይደለም፤ ማስታወስ ነው። ይግባ!»

የፈላ ውሃ በጀበና ሙሉ አመጣን፤ በብረት ኩባያ አድርገን አንገቱን ነከርነው። ቪዲዮው አልዋሸም። ጎድጓዳው ቀስ እያለ ተነሣ፣ ሞላ፣ ለሰለሰ። ፕሮቶኮል አጨበጨበ። እኔም ላጨበጭብ እጄን አነሣሁ፤ አነሣሁና እዚያው ቀረ።

ጎማው የድሮ መልኩን ያስታውሳል ነው የተባለው። ለካ ያ አንገት ፋብሪካ ሲወለድ ቀጥ ያለ ነበር። ወገቡ ላይ የነበረው መታጠፍ በኋላ የመጣ ነው። እዚያው ኩባያው ውስጥ፣ እያየነው፣ እየተዘረጋ፣ እየተዘረጋ ሄዶ እንደ እርሳስ ቀጥ አለ። ከእንጨቱ ራስ ጋር ገጥመን ፕሮቶኮል ጎረሰው። ፒፓው ወደ ፊት ተወድሮ ቆመ፤ ወደ ላይም አይልም፣ ወደ ታችም አይልም።

«ወይ ጉዴ!» አለ ፕሮቶኮል፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ። «ቤቱ ያለ እሺ፣ ያለ እምቢ ቀረ!»

«እናጥፈዋለን» አልኩ። «እንደገና ውሃ ውስጥ ከትተን፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ሽቦ አስገብተን፣ ለስለስ ሲል እናጥፈዋለን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በታጠፈበት ይደርቃል።»

«ወዴት ነው የምናጥፈው?»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ሁለታችንም ተያየን። ነገሩ የገባን አንድ ላይ ነው። አንገቱ ወደ ላይ ከታጠፈ ፒፓው ለዘላለም ቀና፣ ወደ ታች ከታጠፈ ለዘላለም ዘቅዛቃ ነው። አርብ ደግሞ ነገ ሆኗል።

«ወደ ታች ነበር የታጠፈው» አለ ፕሮቶኮል በለሰለሰ ድምፅ።

«ወደ ላይ ነበር እንጂ!»

«አንተ ባዕድ ነህ፣ ስለ አንገታችን ምን አገባህ?»

«አማች ብሆንም ዓይን አለኝ!»

«እህቴ ከሄደች የአባባን መድኃኒት ማን ያስታውሳል? ሸሚዜን ማን ይተኩሳል?» አለ፤ ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ የሰው ኃይል ክፍተት ይፈጠራል።»

ሙቅ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ወጣ፤ እኔ ወደ ላይ ሳጥፍ እሱ ወደ ታች ይስባል። እንፋሎቱ ጣታችንን ይለበልበናል። «ወገንተኛ ነህ!» ይለኛል። «አንተስ ምንድን ነህ?» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ጎን ታጥፎ ወጣ፤ አባባ በዚያ ቢነክሱት ውሳኔው ለጎረቤት ነበር። ፕሮቶኮል ጉልበት አለው፣ ዕድሜ ልኩን የእንግዳ ሻንጣ የተሸከመ ሰው ነው፤ በመጨረሻ ወደ ታች አጥፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመረውና በድል የእንጨቱ ራስ ላይ ገጠመው። የባለቤቴ ሹመት ዓይኔ እያየ አዘቀዘቀ።

እማማ ጀበናውን ፍለጋ መጡ። ፒፓውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉና አገላበጡት።

«ምን ያንገበግባችኋል? ይኼ እኮ ይዞራል» ብለው አንገቱን በእንጨቱ ውስጥ ግማሽ ዙር አዞሩት። ወደ ታች የታጠፈው ወደ ላይ ሆነ። ጀበናቸውን አንሥተው ሄዱ።

ስንት ዘመን በፒፓ ስንተዳደር የፒፓ አንገት እንደሚዞር አስበን አናውቅም። ፕሮቶኮል ወዲያው መለሰው፤ እኔ አዞርኩት፤ እሱ መለሰው። ምርር ሲለው አንገቱን መንጭቆ የፈላው ውሃ ውስጥ ጣለው። ሲወጣ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። የእኔን የተቃጠለ ጣት፣ የወንድሟን የራሰ ሸሚዝ፣ ኩባያ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ሕይወቷን አየች።

«ጨረሳችሁ?»

«ጥገናው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» አልኩ።

ቀጥ ብላ ሳሎን ገባች። ተከትለናት ሮጥን፤ ፕሮቶኮል «ድፍረት ነው! ድፍረት ነው!» እያለ፣ እኔ ፒፓውን በፎጣ ይዤ።

አባባ መስኮቱ ጋ ናቸው፤ መሐረባቸው አፋቸው ላይ ነው። ባለቤቴ እግራቸው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይስሙኝ። ነገ ጠዋት ካልሄድኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ፒፓ የለም፣ ምንም የለም፤ እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

አባባ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ መሐረቡን አወረዱ፣ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፣ የላይኛውን ጥርሳቸውን በሙሉ አውጥተው የሻይ ማስቀመጫ ሳህኑ ላይ አኖሩት። ቀጥለው የታችኛውን። ያ ጎረምሳ የሚቀናበት ጥርስ ሳህን ላይ ሆኖ ሳቀብን።

«ሂጂ እንጂ ልጄ!» አሉ፤ ቃላቸው ትንሽ ነፋስ ነፋስ ይላል፣ ግን ጥርት ያለ ነው። «ሰኞ ማታ ልልሽ ነበር። ያ መራራ ነገር አፌን አቃጠለኝ፤ ጥርሴም አብሮ ሊወጣብኝ ሆነ። ልጆቼ ፊት አፍሬ ሮጥኩ።»

ባለቤቴ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ፕሮቶኮል ግን ዓይኑን ከሳህኑ ላይ መንቀል አልቻለም።

«አባባ... ጥርስዎ...»

«የተሠራ ነው። ልኬ አይደለም፤ ይላላል። ፒፓ ስነክስበት ነው የሚቆምልኝ። ለዚያ ነው ባዶውን የምነክሰው፣ ምን መሰለህ?»

«ታዲያ ቀና ሲል?»

«የታችኛው ሲንሸራተት ቀና ይላል። የላይኛው ሲወርድ ይዘቀዘቃል። እኔ ምን ላድርገው?»

«እምምስ?» አለ ፕሮቶኮል፤ ድምፁ የሕፃን ሆኗል። «እምም ያሉትስ?»

«ጠብቁኝ፣ ጥርሴን ላስተካክልና ልናገር ማለት ነዋ! አንድ ቀን ጠብቃችሁኝ ታውቃላችሁ? እሺ ብላችሁ ውልቅ ትላላችሁ። መሥሪያ ቤትም ያው ነበር። አንዴ ስለ አንድ ድልድይ ሲጠይቁኝ እምም ስል ፒፓው ቀና አለና ወንዝ በሌለበት ሠርተው መጡ።»

«በሩስ፣ አረንጓዴው?»

«ወዳችሁት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያስጠላኛል።» አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ድመቷን ግን አትንኩብኝ ሳልል ወጣችብኝ። ትመለሳለች እያልኩ እዚህ ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ነው ፒፓውን ደፉ ላይ እየረሳሁ ፀሐይ የበላው።»

ጉንፋኔ ተነሣብኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለ ፕሮቶኮል።

«ማታ ማታ ጥርሱን ብርጭቆ ውስጥ የሚያኖረው ማን አጠገብ ተኝቶ መሰለህ?» አሉ እማማ ከማእድ ቤቱ በር። «ከረሜላ ሲጎርስ የታችኛው ይጣበቅና ፒፓው ቀና ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማቀዝቀዣ ያስፈልገኝ ነበራ።»

ሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። የእኛ ቤት ግን ሥርዓት ያለው ቤት ነው። ባለቤቴ ሻንጣ ልታዘጋጅ ስትነሣ ፕሮቶኮል ደረቱን ነፍቶ ሳሎኑ መካከል ቆመ። እንደዚያ ቀን አድንቄው አላውቅም።

«የአባባን ቃል በአክብሮት ሰምተናል» አለ። «ነገር ግን ያለ ፒፓ፣ ይባስ ብሎም ያለ ጥርስ የተነገረ ቃል እንደ ረቂቅ ነው የሚቆጠረው። አንገቱ ተጠግኖ፣ በሥርዓቱ ተነክሶ እስኪጸድቅ ድረስ...»

«ልጄ» አሉ አባባ፣ «እኔ እኮ እዚህ ነኝ።»

«ስለ እርስዎ ክብር ነው የምናገረው፣ አባባ፤ እርስዎ አይግቡበት።»

አርብ ጠዋት ባለቤቴ አባቷን ሳመች፣ እናቷን ሳመች፣ ሻንጣዋን አንሥታ አረንጓዴው በር ላይ ቆመች። አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።

«አንተስ?» አለችኝ።

«ሲጸድቅ እከተልሻለሁ። ትንሽ ነው የቀረው፤ መታጠፉ ብቻ ነው።»

«ጆሮህ ሰምቷል እኮ! ሂጂ ሲሉኝ አጠገቤ ቆመህ ሰምተሃል!»

«ሰምቻለሁ፤ ግን አላየሁም።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። «ባል ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መዝገብ ቤት ነው ያገባሁት» አለችና ሄደች። ይህን ያለችው በንዴት ስለሆነ አልቆጠርኩባትም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ሰፋብኝ፤ ትራሷን አቅፌ ነው የማድረው።

እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሥርዓቱን አጣ። እማማ አባባን ጥርስ ሐኪም ጋ ወስደው ጥርሳቸውን በልካቸው አሠሩላቸው። አሁን ይናገራሉ፤ ኧረ ምን መናገር ብቻ፣ የስንት ዘመን ዕዳ ያለባቸው ይመስል ከቁርስ እስከ ራት አያቆሙም። የት እንዳለች ከእኔ ሰምተው ሥጋ ቤቱ ድረስ በእግራቸው ሄደው ድመቷን አመጧት፤ ሥጋ ቤት ከርማ በግ አክላለች፤ ጭናቸው ላይ ተጋድማ ወሬያቸውን ትሰማለች። ፒፓውን ዞር ብለው አያዩትም። በዚህ ሁሉ መካከል ለሥርዓት የቆምነው ፕሮቶኮልና እኔ ብቻ ነን። እሱ ውሃ ያፈላል፣ እኔ አጥፋለሁ። አንድ ቀን በጥንቃቄ፣ ሽቦ አስገብቼ፣ ወደ ላይ ቀንበጥ የመሰለ መታጠፍ አወጣሁለት፤ ፕሮቶኮል ተኝቶ ነበር። ሲነቃ አይቶ ኩባያው ውስጥ መለሰው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንገቱን እንደገና ወልውዬ የእንጨቱ ራስ ላይ ገጠምኩትና ጠበቅ ማለቱን ለማየት ጥርሴ መካከል አድርጌ ነከስኩት። በጣም ጥሩ ተይዞ ነበር። እንዲያውም ከልክ በላይ ጥሩ ተይዞ፣ ጥርሴ መካከል ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። ልክ እዚያ ላይ የአባባ ስልክ ጮኸ። ባለቤቴ ናት። አባባ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እዚያ አለ?» አለች። ወደ ስልኩ ተጠጋሁ። «ስማኝ፤ የመኖሪያ ቤት ሊሰጡኝ ነው። ሁለት ሰው ከሆንን ባለ ሁለት ክፍሉን፣ ብቻዬን ከሆንኩ ባለ አንዱን። ጥሩ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ከፊቱ ዛፍ አለ። መልስ አሁን ይፈልጋሉ፤ ሰውዬው አጠገቤ ቆሟል። ትመጣለህ?»

መምጣት ብቻ! ዝውውሬን ያን ጊዜውኑ ልጠይቅ፣ ሻንጣ ሳልይዝ ልሮጥ፣ ናፍቀሽኛል፣ ሞኝ ነበርኩ፣ ይቅር በይኝ ልላት ፈለግሁ። ይህ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ፒፓውን በሁለት እጄ ያዝኩና እየሳብኩ፣ ትንሽ ጠብቂኝ ለማለት ያህል፣

«እምም!» አልኩ።

ከዚያ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ፣

«አባባ» አለች፣ «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

አባባ ድመቷን ወደ ወንበሩ አወረዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው አፌ ላይ ያለውን ፒፓ ከግራም ከቀኝም አዩት።

«ቀጥ ነው ልጄ» አሉ። «ባለ አንድ ክፍሉን ያዢ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፕሮቶኮል ኩባያውን እንደያዘ ከማእድ ቤቱ ብቅ አለ።

«ጸድቋል» አለ።